መልክና መንፈስ፦ ተዋናዩ ጉ ዩዌ እና የመሪው ገጽ በቻይና ሲኒማ

የታሪክን ሰው በመድረክ ላይ ማስነሣት ከተዋናይ ሥራ ሁሉ ከባዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የልብ ወለድ ገጸ ባሕርይን የሚጫወት ተዋናይ የሚዳኘው በድርሰቱ ነው፤ ደራሲው ከጻፈው ውጭ ሌላ ማመሳከሪያ የለም። ትናንት በሕይወት የነበረን መሪ የሚጫወት ተዋናይ ግን በአዳራሹ የተቀመጠ እያንዳንዱ ሰው ዳኛው ነው። ተመልካቹ የመሪውን መልክ ከልጅነቱ ጀምሮ በግድግዳ ሥዕል ሲያየው አድጓል፤ ድምፁን በሬዲዮ ሰምቷል፤ ወይ ወዶታል ወይ ፈርቶታል፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱን ስሜቶች በአንድነት አስተናግዷል። በመሆኑም ተዋናዩ ገና አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ፍርዱ ተጀምሯል።

በዚህ ረገድ የቻይናው የፊልም ተዋናይ የጉ ዩዌ የሥራ ሕይወት የተለየ ትምህርት ይሰጣል። ጉ ዩዌ ለሚናው ከተመረጠበት ከ1978 ጀምሮ ሕይወቱ እስካለፈበት እስከ 2005 ድረስ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሊቀ መንበር ማኦ ዜዱንግን በ84 የፊልምና የቴሌቪዥን ሥራዎች ተጫውቷል። አንድ ተዋናይ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የአንድን ሰው ልብስ ለብሶ፣ የአንድን ሰው አረማመድ ተራምዶ መኖሩ በሲኒማ ታሪክ ብዙ አቻ የለውም። ታዲያ ይህ ሰው በመልኩ የተመረጠ ምስል ብቻ ነበርን ወይስ በጥበቡ የቆመ ተዋናይ? ጥያቄው የአንድ ሰው የግል ጉዳይ አይደለም። ሕዝብ መሪዎቹን በኪነ ጥበብ አማካይነት በምን ዓይን ሊያያቸው እንደሚችል የሚመለከት ነው።

በቀለም የተፈረደ ታሪክ

የቻይና ሕዝብ ነገሥታቱን፣ የጦር አበጋዞቹንና ሹማምንቱን በመድረክ ላይ ማየት የጀመረው ሲኒማ ከመፈልሰፉ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። በፔኪንግ ኦፔራ የፊት ቀለም ራሱ ፍርድ ነው። ታማኙ የጦር መሪ ጓን ዩ ቀይ ፊት፣ አድልዎ የማያውቀው ዳኛ ባኦ ዤንግ ጥቁር ፊት ይቀባሉ። የሦስቱ መንግሥታት ዘመን ኃያል ሰው የነበረው ጻኦ ጻኦ ግን ነጭ ፊት ተቀብቶ ይወጣል፤ ነጭ የተንኮል ምልክት ነውና። ተመልካቹ ተዋናዩ ብቅ ባለበት ቅጽበት ማንን መውደድ፣ ማንን መጥላት እንዳለበት ያውቃል። የተዋናዩ ድርሻ የተሰጠውን ፍርድ በዜማ፣ በእንቅስቃሴና በውበት ማስጌጥ ነው።

ይህን አስቀድሞ የተሰጠ ፍርድ ለመለወጥ መሞከር ታላቅ ክርክር ያስነሣ ነበር። በ1959 ደራሲው ጉዎ ሞሩዎ «ጻይ ዌንጂ» በተባለው ተውኔቱ ጻኦ ጻኦን እንደ ተንኮለኛ ሳይሆን እንደ አስተዋይ መሪና የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ አድርጎ ሲያቀርበው የታሪክ ሊቃውንትና የቴአትር ሰዎች በሰፊው ተከራክረውበታል። ከአንድ ሺህ ሰባት መቶ ዓመታት በፊት የሞተ ሰው ፊት በነጭ ቀለም ይቀባ ወይስ አይቀባ የሚለው ጥያቄ የዕለቱ ጉዳይ ሆነ።

ክርክሩ ሁልጊዜ በብዕር ብቻ ተወስኖ አልቀረም። የታሪክ ሊቁ ዉ ሃን በሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ንጉሠ ነገሥቱን ሳይፈራ ስለ ገሠጸው ሹም ስለ ሃይ ሩዪ የጻፈው የፔኪንግ ኦፔራ በ1961 ለመድረክ በቅቶ ነበር። ዋናውን ሚና የተጫወተው ስመ ጥሩው ማ ሊያንሊያንግ ነው። በኖቬምበር 1965 ይህ ሥራ በጥንት ሰው ስም የዘመኑን አመራር ይነቅፋል የሚል ጽሑፍ በጋዜጣ ወጣ፤ ያም ጽሑፍ የባህል አብዮት የመጀመሪያ ተኩስ ሆኖ ይቆጠራል። ማ ሊያንሊያንግ ከደረሰበት ውርደትና እንግልት በኋላ በዲሴምበር 1966 አረፈ። ደራሲው ዉ ሃንም በእስር ቆይቶ በ1969 ሞተ። የታሪክን ሰው በመድረክ ላይ መወከል ምን ያህል ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

በባህል አብዮት ዘመን በመድረኩ ላይ የቀሩት «አርአያ» የተባሉ ጥቂት ኦፔራዎችና የባሌ ዳንሶች ነበሩ። ጀግኖቻቸው ወታደሮች፣ ገበሬዎችና ወዛደሮች እንጂ መሪው ራሱ አልነበረም። የማኦ ምስል በየአደባባዩ፣ በየቤቱ ግድግዳና በየሰው ደረት ላይ በተሰኩ ዓርማዎች ይታይ ነበር። ሰው ሆኖ የሚያመነታ፣ የሚተክዝ፣ የሚስቅ ማኦን በተዋናይ አካል ለማየት የታደለ ተመልካች ግን አልነበረም ለማለት ይቻላል። የሚያስገርመው፣ በዚያ ዘመን ለሕዝብ ይታዩ ከነበሩት ጥቂት የውጭ አገር ፊልሞች መካከል የሶቪየቱ ዲሬክተር ሚኻይል ሮም ያዘጋጃቸው «ሌኒን በጥቅምት» (1937) እና «ሌኒን በ1918» (1939) ይገኙ ነበር። በእነዚህ ፊልሞች ቦሪስ ሹኪን የተጫወታቸው ሌኒን በፍጥነት የሚራመዱ፣ የሚቀልዱ፣ የሚቆጡ፣ እጃቸው ከንግግራቸው ቀድሞ የሚናገር ሰው ናቸው። እንግዲህ የቻይና ተመልካች የሌላ አገር መሪ እንደ ማንኛውም ሰው ሲስቅና ሲናደድ በሲኒማ መጋረጃ ላይ ያያል፤ የራሱን መሪ ግን የሚያውቀው በማይንቀሳቀስ ሥዕል ነበር።

ከመካከሉ የተከፈለ ስም

ማኦ ዜዱንግ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1976 አረፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1978፣ የአብዮቱን መሪዎች በፊልምና በቴአትር የሚጫወቱ ሰዎች በመላው አገሪቱ ይፈለጉ ጀመር። ከእጩዎቹ አንዱ በደቡብ ምዕራብ ቻይና በኩንሚንግ ወታደራዊ ቀጠና በባህል ሥራ ላይ ተመድቦ የሚያገለግል ሁ ሺሹዌ የተባለ የ41 ዓመት ጎልማሳ ነበር። ሁ ሺሹዌ በ1937 በሁቤይ ክፍለ ሀገር በዉሃን ተወለደ። ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ በሕፃናት ማሳደጊያ እንዳደገ ይነገራል። ሕዝባዊት ሪፑብሊክ በተመሠረተችበት በ1949 ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ሠራዊቱን ተቀላቀለ፤ የኪነትን ሥራ ያወቀውም እዚያው ሠራዊቱ ውስጥ ነው። በሲኒማ ትምህርት ቤት አልሠለጠነም፤ በታላላቅ መድረኮችም ስሙ አይታወቅም ነበር።

የእርሱ ፎቶግራፍ ከሌሎች እጩዎች ፎቶግራፎች ጋር ተደርድሮ ለማርሻል ዬ ጂያንይንግ እንደ ቀረበ ይተረካል። ማርሻሉ ማኦን ለአሥርተ ዓመታት በቅርብ የሚያውቁ አንጋፋ የጦር መሪ ነበሩ። ከፎቶግራፎቹ መካከል የመረጡትም የሁ ሺሹዌን ነው። የመድረክ ስሙ የተገኘው ደግሞ ከቻይና ፊደል ባሕርይ ነው። «ሁ» የሚለው የቤተሰብ ስም ሲጻፍ ሁለት ክፍል አለው። የግራው ክፍል ለብቻው «ጉ» ተብሎ ይነበባል፤ ትርጉሙ ጥንታዊ ማለት ነው። የቀኙ «ዩዌ» ይባላል፤ ጨረቃ ማለት ነው። ፊደሉ ከመካከሉ ሲከፈል «ጉ ዩዌ» የሚል ስም ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ሕዝቡ የሚያውቀው በዚህ ስም ብቻ ሆነ፤ የትውልድ ስሙ ከቤተሰቡና ከሥራ ባልደረቦቹ ክልል ብዙም አልወጣም።

እንደ ጉ ዩዌ በመልኩ የተመረጠ ተዋናይ በቻይንኛ «ልዩ ገጽታ ያለው ተዋናይ» የሚል መጠሪያ ተሰጥቶታል። መጠሪያው በጊዜ ብዛት አንድ የሙያ ምድብ ሆኖ ተቋቁሟል፤ ነገር ግን በውስጡ ጥርጣሬም አለበት። ሰውየው የተፈለገው ለአፍንጫውና ለግንባሩ ስፋት ከሆነ ጥበቡ የት ላይ ነው? የቻይና የኪነ ጥበብ ሐሳብ ለዚህ ጥያቄ ጥንታዊ መልስ አለው። «ሺንግ» ማለት መልክ፣ «ሼን» ማለት መንፈስ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው ሠዓሊ ጉ ካይዢ የሰው ሥዕል ሠርቶ ዓይኖቹን ለዓመታት ሳይስል ይተወው እንደ ነበር ይተረካል። ምክንያቱን ቢጠይቁት የእጅና የእግር ማማር ለሥዕሉ ዋና ጉዳይ አለመሆኑን፣ የሰውየው መንፈስ የሚተላለፈው በዓይኑ መሆኑን አስረዳ ይባላል። ከዚህ አኳያ ሲታይ የገጽ ቅብ ባለሙያው በጉ ዩዌ አገጭ ላይ የማኦን ምልክት ሊያኖር፣ ፀጉሩንም ወደ ኋላ ሊያበጥር ይችላል፤ ዓይኑን ግን ተዋናዩ ራሱ መሥራት ነበረበት።

ጉ ዩዌም ይህን ሥራ እንደ ተማሪ ተያያዘው። የዘመኑን ዘጋቢ ፊልሞችና ፎቶግራፎች አጠና፤ የማኦን አረማመድ፣ አቀማመጥ፣ የእጅ እንቅስቃሴና የሲጋራ አያያዝ ተለማመደ፤ በማኦ የአጻጻፍ ስልት በብሩሽ መጻፍንም ተማረ። ብሩሽ ይዞ መጻፍ ለተዋናይ ከንቱ ልፋት ሊመስል ይችላል። ይሁንና የብሩሽ ጽሕፈት ትንፋሽን፣ የክንድን ኃይልና የልብን ፍጥነት የሚጠይቅ በመሆኑ የሌላውን ሰው ውስጣዊ ምት ለመያዝ ከመስታወት የተሻለ መንገድ ነው።

ነገር ግን መሪውን ለመጫወት መልክና ልምምድ ብቻ አይበቁም፤ ዘመኑም መፍቀድ አለበት። በጁን 1981 የቻይና ኮሙኒስት ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ስለ ፓርቲው ታሪክ ያሳለፈው ውሳኔ የማኦን ሥራ ገምግሞ ውለታቸው ቀዳሚ፣ ስሕተታቸው ተከታይ ነው አለ፤ የባህል አብዮትንም ከባድ ስሕተት ሲል ሰየመው። ውሳኔው የፖለቲካ ሰነድ ነው፤ ሆኖም ለኪነ ጥበብ ሰው አንድ ትልቅ ትርጉም ነበረው። መሪው ሊሳሳት የሚችል ሰው መሆኑ በይፋ ሰነድ ላይ ሰፈረ። ሊሳሳት የማይችል ሰው ደግሞ በሐውልት ይቆማል እንጂ በተዋናይ ሊሠራ አይችልም። ጉ ዩዌ ማኦን ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ በሲኒማ የታየውም በዚሁ በ1981 ነው።

በጭንቅ ሰዓት ያለ ሰው

ያ የመጀመሪያ ፊልም ዲሬክተር ቼንግ ዪን ያዘጋጀው «የሺአን ክስተት» ነው። ታሪኩ በዲሴምበር 12 ቀን 1936 የተፈጸመ ነው። ጄኔራል ዣንግ ሹዌሊያንግና ጄኔራል ያንግ ሁቼንግ የእርስ በርሱ ጦርነት ቆሞ በጃፓን ወራሪ ላይ በአንድነት እንዲዘመት ለማስገደድ የበላይ አዛዣቸውን ቺያንግ ካይሼክን በቁጥጥር ሥር ያዋሉበት ድርጊት ነው። የድራማው ማዕከል ሺአን ላይ የነበሩት ጄኔራሎች በመሆናቸው የማኦ ሚና ከሁሉ የሰፋው አልነበረም። ይህም ለጀማሪው ተዋናይ ጠቀመው። አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ መላውን ፊልም በትከሻው ከመሸከም ይልቅ ከሌሎች ተዋንያን ጎን ቆሞ ተመልካቹን ከአዲሱ ፊት ጋር ለማስተዋወቅ ዕድል አገኘ።

በ1983 የወጣው «አራቱ የቺሹዊ ወንዝ መሻገሮች» ግን ሌላ ነገር ጠየቀው። ጊዜው 1935፣ የረጅሙ ጉዞ ወራት ነው። ማኦ በዙንዪው ጉባኤ ወደ አመራር በተመለሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቱቼንግ ላይ የተደረገው ውጊያ እንደታሰበው ሳይሳካ ቀረ። ሠራዊቱ የቺሹዊን ወንዝ ተሻገረ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ተሻገረ፤ እንደገና ተመለሰ። በኋላ ዘመን በየመማሪያ መጽሐፉ የጦር ጥበብ ድንቅ ሥራ ተብሎ የተጻፈው ይህ እንቅስቃሴ በዚያች ሰዓት ለደከመው ወታደር ትርጉሙ የማይገባ መመላለስ ነበር። መሪውም የ41 ዓመት ሰው ነበሩ፤ ውጤቱን አስቀድሞ የሚያውቅ ማንም አልነበረም። እንዲህ ዓይነቱ ታሪክ ለተዋናይ የሚሰጠው ስጦታ ድሉ ሳይሆን ጥርጣሬው ነው። ድልን ሥዕልም ሊያሳይ ይችላል፤ በሁለት ክፉ መንገዶች መካከል የቆመን ሰው ዝምታ ለማሳየት ግን ሕያው ፊት ያስፈልጋል።

በ1988 የወጣው «ግርማዊው ኩንሉን» ይህንኑ መንገድ ቀጠለበት። በማርች 1947 የሁ ዞንግናን ጦር ያንአንን ያዘ። ማኦ በጥቂት ኃይል ታጅበው ለአንድ ዓመት ያህል በሰሜን ሻንሺ ተራሮች መካከል ከመንደር ወደ መንደር ተዘዋወሩ። ዋና ከተማውን ለቅቆ የሚወጣ መሪ፣ የዝናብ ጭቃ፣ የሌሊት ጉዞ፣ በገበሬ ጎጆ በኩራዝ ብርሃን የሚጻፍ የቴሌግራም ትእዛዝ፣ ይህ ሁሉ ከግድግዳው ሥዕል የራቀ ዓለም ነው።

የጉ ዩዌን ስም ከፍ ያደረገው ግን በ1989፣ ሪፑብሊኳ አርባኛ ዓመቷን ባከበረችበት ዓመት፣ በቻንግቹን የፊልም ስቱዲዮ የተሠራው «የአገር ምሥረታ ታላቅ ሥነ ሥርዓት» ነው። አዘጋጆቹ ባልና ሚስቱ ሊ ቺያንኳንና ሺያኦ ጉዪዩን የዘመኑን የጥቁርና ነጭ ዘጋቢ ፊልም ከአዲሱ ቀረጻ ጋር አዋሕደው አቀረቡት። ለተዋናዩ ከዚህ የበለጠ ፈተና አይኖርም፤ ከእውነተኛው ታሪክ ምስል ጎን ቆሞ መታመን አለበትና። ኦክቶበር 1 ቀን 1949 በቲያንአንመን ሰገነት ላይ አዲሱን መንግሥት ያወጁት ማኦ የ55 ዓመት ሰው ነበሩ፤ የተጫወታቸው ጉ ዩዌ 52 ዓመቱ ነበር። ሌላው የፊልሙ ቁም ነገር ተሸናፊውን ወገን ያቀረበበት መንገድ ነው። ሱን ፌይሁ የተጫወታቸው ቺያንግ ካይሼክ ነጭ ፊት የተቀቡ ጻኦ ጻኦ አልነበሩም፤ ሥልጣናቸው ከእጃቸው ሲወጣ የሚያዩ፣ የሚያዝኑ፣ የሚታበዩና የሚደክሙ ሰው ነበሩ። ይህም ለጉ ዩዌ ሥራ ትልቅ ድጋፍ ሆነለት። ባላጋራው ሰው በሆነበት ፊልም ውስጥ ጀግናውም ሰው ለመሆን ይገደዳል።

ከዚህ በኋላ በ1991 የኦገስት አንድ ፊልም ስቱዲዮ በሦስት ክፍል ያወጣው «ታላቁ የመጨረሻ ውጊያ» መጣ። ከሴፕቴምበር 1948 እስከ ጃንዋሪ 1949 የተካሄዱትን የሊያኦሼን፣ የሁዋይሃይና የፒንግጂን ዘመቻዎች የሚተርክ ሰፊ ሥራ ነው። እነዚህ ታላላቅ ዘመቻዎች የተመሩት ሺባይፖ ከተባለች አንዲት የሄቤይ ገጠር መንደር በቴሌግራም ነበር፤ በመሆኑም የጦር ሜዳው ነጎድጓድና የአንዲት ጠባብ ክፍል ጸጥታ በአንድ ታሪክ ውስጥ ይገናኛሉ። በ1993 ደግሞ «የቾንግቺንግ ድርድር» ተከተለ። በኦገስት 1945 ማኦ ወደ ባላጋራቸው ከተማ በአውሮፕላን ሄደው አርባ ሦስት ቀን የቆዩበትን ድርድር የሚያሳይ ፊልም ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ ተዋንያን፣ ጉ ዩዌና ሱን ፌይሁ፣ ጥይት በማይተኮስበት ጦርነት ፊት ለፊት ተገናኙ፤ ፈገግታም፣ የብርጭቆ ማንሣትም የጦር መሣሪያ ሆነ።

በቻይና ለፊልም ሰዎች ከሚሰጡት ሽልማቶች ሁለቱ የተለየ ክብር አላቸው። በ1981 የተጀመረው «ወርቃማው አውራ ዶሮ» የባለሙያዎች ዳኝነት ነው። በ1962 የተጀመረው «መቶ አበቦች» ግን አሸናፊዎቹ የሚለዩት በተመልካች ድምፅ ነው። ጉ ዩዌ በምርጥ ተዋናይነት የመቶ አበቦችን ሽልማት ሁለት ጊዜ ወስዷል፤ በ1990 ስለ «የአገር ምሥረታ ታላቅ ሥነ ሥርዓት»፣ በ1993 ስለ «የማኦ ዜዱንግ ታሪኮች»። ሁለቱም ጊዜ የመረጠው ተራው የሲኒማ ተመልካች ነው። ያ ተመልካች ደግሞ የማኦን መልክ ከማንም ዳኛ በላይ የሚያውቅ፣ ሐሰቱን ከሩቅ የሚለይ ነበር።

የመልክ ዕዳ

ይሁን እንጂ መልክ የከፈተውን በር መልክ ራሱ መልሶ ሊዘጋው ይችላል። የጉ ዩዌን የሥራ ሕይወት በምስጋና ብቻ መተረክ ታሪኩን ማጉደል ነው። አንድ ተዋናይ አንድን ሰው 84 ጊዜ ሲጫወት ተመልካቹ ተዋናዩን ማየት ያቆማል። በመንገድ ላይ ሲያገኘው የሚያስታውሰው ሁ ሺሹዌን አይደለም፤ ጉ ዩዌንም አይደለም። ተዋናዩ ሌላ ሚና ለመሞከር ቢሻ ፊቱ ይቃወመዋል፤ ማኦ የአንድ ሱቅ ነጋዴ ወይም የአንድ መንደር መምህር ሆነው ሲታዩ ተመልካቹ አይቀበልም። በሌላ ሙያ ሀብት የሚሆነው ነገር በእርሱ ሙያ አጥር ሆነ።

ከዚህም ሌላ የመምሰል ሥራ በራሱ ገበያ አበጀ። የማኦ ልደት መቶኛ ዓመት በታሰበበት በ1993 አካባቢ በቻይና «የማኦ ትኩሳት» የተባለ ስሜት ተስፋፍቶ ነበር፤ የማኦ ሥዕል በታክሲ መስታወት ላይ ሳይቀር ይንጠለጠል ጀመር። በየመዝናኛውና በየሱቅ ምረቃው መሪውን መስለው የሚታዩ ሰዎችም በዙ። ከመልክ በቀር ምንም የሌላቸው እነዚህ አስመሳዮች ሲበዙ ሚናውን በጥናት የሠራው ተዋናይ ሥራ ከእነርሱ ሥራ ጋር መምታታቱ አልቀረም። ጥያቄው እንደገና ተነሣ፤ ልዩነቱ ምንድን ነው? ልዩነቱ ያለው ከታሪኩ ላይ ነው። አስመሳዩ ታሪክ የለውም፤ እጁን አወዛውዞ ይወርዳል። ተዋናዩ ግን አንድ ውሳኔ፣ አንድ ኪሳራ፣ አንድ የመለያየት ሰዓት ተሸክሞ ይወጣል።

ሦስተኛውና ከባዱ ዕዳ የታሪኩ ወሰን ነው። በ1987 የአብዮቱንና የታሪክን ዐበይት ጉዳዮች የሚመለከቱ የፊልምና የቴሌቪዥን ሥራዎችን የሚከታተል አንድ መሪ አካል ተቋቋመ። መሪዎቹን የሚያሳይ ድርሰት ወደ ቀረጻ የሚሄደው ተመርምሮ ሲፈቀድ ነው። ይህ አሠራር ሰፊ በጀትና የሠራዊት ድጋፍ የሚሹ ታላላቅ ፊልሞች እንዲሠሩ ረድቷል፤ በአንጻሩም ካሜራው የሚቆምበትን ቦታ ወስኗል። ከላይ የተጠቀሱት የጉ ዩዌ ሥራዎች አብዛኞቹ ከ1949 በፊት ባሉት ወይም በዚያ ዓመት በሚያበቁ ክስተቶች ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ከ1959 እስከ 1961 «ታላቁ ዝላይ» የተባለውን ዘመቻ ተከትሎ የደረሰው ታላቅ ረሃብና የባህል አብዮት ዓመታት በእነዚህ ታላላቅ ሥራዎች ውስጥ ሰፊ ቦታ አላገኙም። የ1981 ውሳኔ በቃላት የመዘገበውን ስሕተት ሲኒማው በምስል አልተከተለውም። በቺሹዊ ወንዝ ዳር የሚያመነታውን የ41 ዓመት ሰው በዚያ ሁሉ እውነት የተጫወተ ተዋናይ የ70 ዓመቱን አዛውንት፣ ሥልጣናቸውንና ብቸኝነታቸውን እንዲጫወት ቢፈቀድለት ኖሮ ምን ያሳየን ነበር? ይህ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ቀርቷል። ጥፋቱ ግን የተዋናዩ አይደለም። ተዋናይ በተሰጠው ገጽ ላይ ይጫወታል፤ ያልተጻፈውን ገጽ ብቻውን ሊጽፈው አይችልም።

ከእርሱ በኋላ

ጉ ዩዌ በጁላይ 2 ቀን 2005 በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር በሳንሹዊ በልብ ሕመም በድንገት አረፈ፤ ዕድሜው 68 ነበር። ከእርሱ ሞት በፊት ጀምሮ ሚናው ወደ ሌላ ዓይነት ተዋናይ መሸጋገር ይዞ ነበር። ታንግ ጉዎቺያንግ በ1952 በሻንዶንግ የተወለደ፣ በወጣትነቱ በመልከ መልካምነቱ የታወቀና በዚህም የተነሣ ጥልቀት የለውም እየተባለ የሚተች ተዋናይ ነበር። በ1994 በቀረበው «የሦስቱ መንግሥታት ታሪክ» የቴሌቪዥን ድራማ ጥበበኛውን ዡጌ ሊያንግን፣ በ1999 በታየው «የዮንግዤንግ ዘመነ መንግሥት» ደግሞ የቺንግ ሥርወ መንግሥቱን ንጉሠ ነገሥት ተጫወተ። በ1996 «ረጅሙ ጉዞ» በተባለው ፊልም ማኦን ሆኖ ቀረበ፤ ሚናውን በ2001 በቴሌቪዥን ድራማ፣ በ2009 ደግሞ ሪፑብሊኳ 60ኛ ዓመቷን ስታከብር በወጣው ፊልም ደግሞ ደጋግሞ ተጫወተው። ታንግ ወደ ማኦ የመጣው በመልክ መንትያነት ሳይሆን አማካሪውን ከተጫወተ በኋላ፣ በተዋናይነት መንገድ ነው። በ2011 በወጣው ስለ ፓርቲው ምሥረታ በሚተርክ ፊልም ደግሞ ወጣቱን ማኦ የተጫወተው ልዩ ገጽታ ካላቸው ተዋንያን ወገን ያልሆነው ሊዩ ዬ ነው። የመልክ አስገዳጅነት ደረጃ በደረጃ ላልቷል።

አንዳንዶች ይህን ለውጥ የጉ ዩዌ ዘመን ማክተሚያ አድርገው ያዩታል። ነገር ግን ነገሩ በጥንቃቄ ሲመረመር የተገላቢጦሽ ነው። ተመልካቹ ማኦን የማይመስል ሰው ማኦ ሆኖ ሲጫወት ሊቀበል የቻለው አስቀድሞ ማኦን የሚመስለው ሰው ሥዕሉን ወደ ሰውነት ስለ ለወጠለት ነው። ጉ ዩዌ ባይኖር ኖሮ ከግድግዳው ሥዕል ወደ ተዋናይ የሚደረገው ዝላይ በአንድ ጊዜ የሚቻል አይሆንም ነበር። እርሱ በመልኩ ሕዝቡን አሳመነ፤ ከዚያም በጥቂት በጥቂቱ፣ በዝምታ፣ በማመንታት፣ በድካም፣ ከመልኩ ወዲያ ያለውን ሰው አሳየ።

ከዚህ ታሪክ የመድረክ ሰውም ሆነ የታሪክ መምህር የሚወስደው ቁም ነገር አለ። የታሪክን ሰው በክብር ማንሣት ማለት ፊቱን በወርቅ መቀባት አይደለም፤ በነጭ ቀለም መቀባትም አይደለም። ሁለቱም ሰውየውን ከመመርመር ያድናሉ፤ ፍርዱ አስቀድሞ ተሰጥቷልና። መሪውን ወደ ውሳኔው ሰዓት መልሶ፣ መጨረሻው ገና ወዳልታወቀበት ሌሊት አስገብቶ ማሳየት ግን ተመልካቹን ራሱን ወደ ውሳኔው ይጋብዛል፤ እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል። ሕዝብ ታሪኩን የራሱ የሚያደርገው እንዲህ ሲጠይቅ ነው። በዉሃን ተወልዶ በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገው ሁ ሺሹዌ ስሙን ከመካከሉ ከፍሎ ለዚህ ሥራ ሰጠ። ከሰጠው ውስጥ በሲኒማ መጋረጃ ላይ የደረሰው ግማሹ ነው፤ የቀረው ግማሽ ገና ሊጻፍ የሚገባውን ታሪክ ይጠብቃል።